ማሚቴ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችበት ሐውልት

የምነግራችሁ ነገር አንዲት ውሸት የለባትም፤ ካለባት የቀጨኔው መድኃኔዓለም ምላሴን ይሰረው።

በደርግ ጊዜ ሽሮ ሜዳ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ማሚቴ የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ልጇ ስብሐት ዘምቶ ሦስት ዓመት ድምፁ ጠፋ። በመጨረሻ አንድ እግሩን ጥሎ የተመለሰ ጓደኛው፣ ስብሐት ከጎኑ ሲወድቅ ማየቱን ሹክ አላት። ማሚቴ አላለቀሰችም። ውስጧ ብርድ እንደመታው ጣት ደንዝዞ ቀረ። በወጉ ካልተለቀሰለት ይሄ ድንዛዜ አይለቀኝም ብላ የእድሩ ዳኛ አቶ ዓምሃ ዘንድ ሄደች። እሳቸው ግን፣ ከመንግሥት መርዶ ሳይመጣ ድንኳን ቢተክሉ ቀበሌው ወሬ አናፋሽ ብሎ እንደሚያስራቸው ነግረው መለሷት።

በአብዮቱ በዓል ሰሞን ቀበሌው ሰፈርተኛውን በአውቶቡስ ጭኖ አዲሱን የኮንክሪት ሐውልት ሊያስጎበኝ ወሰደ። ቁመቱን ምን ልበላችሁ፤ ቁራ ጫፉ ላይ ለመድረስ መንገድ ላይ ሁለቴ ያርፋል። ከሥሩ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ተቀርጸዋል፤ የሁሉም አንገት የበሬ፣ የሁሉም ፊት አንድ። ካድሬው በድምፅ ማጉያ የአገሩን ታሪክ ከሦስት ሺህ ዘመን ጀምሮ ሲያወርደው፣ ማሚቴ ስብሐትን የሚመስል ፈለገች። የለም። የሷ ልጅ ቀጭን፣ ጆሮው ገንጠል ያለ ነበር። መዳፏን ኮንክሪቱ ላይ አሳረፈች። ቀዘቀዛት እንጂ ሌላ ምንም አልተሰማትም።

ካድሬው ለሰማዕታት የኅሊና ጸሎት ሲል ሁሉም ዝም አለ። ያኔ ማሚቴ ነጠላዋን አውልቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አዙራ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰችና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

የሽሮ ሜዳ ሰው ደግሞ ነጠላ ያዘቀዘቀች ሴት አይቶ ማለፍ አያውቅበትም። መጀመሪያ ጎረቤቷ ዓለሜ ጎንበስ ብላ አጽናናቻት፤ ከኋላዋ ሌላው ቀጠለ፤ ሰልፍ ሆነ። ካድሬውም ለሰማዕታቱ መስሎት ቆቡን አውልቆ ሰልፉ ውስጥ ገባ። አቶ ዓምሃም፣ የስንት ዓመት ልማድ አይደል፣ ሳያስቡት ፊቷ ደርሰው ጎንበስ አሉ።

«እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ።»

ማሚቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «እንግዲህ ለቅሶዬን ደረሱኝ፣ አባባ። ድንኳኑ መቼ ይተከል?»

በአካል የተደረሰን ለቅሶ የለም ማለት በእድሩ ነውር ነው። አቶ ዓምሃ ካድሬውን አሻግረው አዩት፤ እሱም ለቅሶውን ደርሷል።

«በቃ፣ ነገ ጠዋት» አሉ።

ድንኳኑ ሦስት ቀን ቆመ። ንፍሮ ተቀቀለ፣ ማሚቴም ፍራሹ ላይ ተቀምጣ እስኪወጣላት አለቀሰች፤ ሰፈርተኛውም እፎይ አለ።

እ... ማለቴ፣ ማልቀሷን እንኳ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ሦስቱንም ቀን የድንኳኑን ምሰሶ እያየች ዝም ብላ ነው የተቀመጠችው።