የአኩራፊዋ ጨርቅ

«እማ፣ ትራሴ ስር የነበረው ጨርቅ የታለ?»

እናቷ እጇን በቀሚሷ እያደራረቀች ከጓዳ ብቅ አለች። «ያ ቢጫው? አጠብኩት እኮ። ወተት ደርቆበት ክችች ብሎ ነበር። ገመድ ላይ ነው።»

«አጠብሽው?»

«በሳሙና ነዋ። ምነው?»

ልብስ ሰፊዋ ያነሳችውን ትራስ ቦታው መለሰችው። ልጇን ከቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። ሊያጽናኗት የመጡት ሴቶች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተያዩ። ለአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ፊቷ አመድ የሚመስል ሰው ምን ይሉታል?

ጨርቆቹ ሁለት ነበሩ። ልጅቷ ቀኗ ሳይደርስ ተወልዳ ሳንባዋ ስላልጠነከረ፣ ከእናቷ ጉያ ሳትገባ ወደ ማሞቂያ ክፍል ወሰዷት። እዚያ ያለችው ሲስተር ድምፀ ጎርናና፣ ቀልደኛ ሴት ናት። «ሁለት ቁራጭ ጨርቅ አምጪ» አለቻት። «ንጹሕ ይሁን እንጂ አዲስ አይሁን፤ አዲስ ይቆረቁራታል። አንዱ አንቺ ጡት ስር ይደር፣ አንዱ እሷ ጋ። ጠዋት ጠዋት እንቀያይራለን። እሷ አንቺን ታሸታለች፣ አንቺም እሷን። እንዲህ እንዲህ እያላችሁ ትለማመዳላችሁ።»

ልብስ ሰፊዋ የባሏን አሮጌ ቢጫ ፒጃማ ቀደደች። ለደንበኛ እንኳ ተጠንቅቃ የማታውቀውን ያህል ተጠንቅቃ ዳር ዳሩን በእጇ ዘመዘመችው።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ ጨርቅ መቀያየር ሆነ። ጡቷን አልባ ወተቱን ትሰጣለች፤ ወተቱ በልጅቷ አፍንጫ በገባች ቀጭን ቱቦ ይወርዳል። በማሞቂያው የመስታወት ሳጥን ጎን ባለው ክብ ቀዳዳ እጇን ታስገባለች። ልጅቷ ያን መርፌ ያደነደነውን የእናቷን ጣት ጨብጣ አለቅም ትላለች፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ ከንፈሯን አሞጥሙጣ።

«ይቺ አኩራፊ!» ትላለች ሲስተር። «ዛሬ ደግሞ ማን አስቀየማት? ሐኪሙ ሊያያት ቢመጣ ጀርባዋን ሰጠችው!»

ሌላ ስም አልወጣላትም። አኩራፊዋ ብቻ።

ማታ ቤት ስትገባ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ትተኛለች። አልኮል አልኮል ይላል፣ ጎማ ጎማ ይላል። ከዚያ ሁሉ ስር ግን አሁን ካውያ ከላዩ የተነሳ ጥጥ የመሰለ ሽታ አለ። እሱ ነው ልጇ።

አንድ ቀን ጠዋት ጨርቋን ይዛ ስትደርስ ሲስተር አልቀለደችም። ቱቦው ሁሉ ተነቅሎ ልጅቷን አስታቀፏት። መጀመሪያም መጨረሻም ያቀፈቻት ያኔ ነው።

«አይዞሽ የኔ እህት» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ ዳቦ ሻጯ ጎረቤቷ፣ የሻይ ብርጭቆዋን አስቀምጣ። «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ። ደግሞ እንኳን ሳትለምጃት ሆነ። የለመዱት ነው የሚከፋው።»

«አልለመድኳትም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማለቴ... ያው...»

«እኔማ ምን ልበል» አለች እናቷ በመሃል ገብታ። «አያት ተብዬ በመስታወት ነው ያየኋት። ቆሜ ‹አይዞሽ የኔ ቆንጆ› እያልኩ ሳባብል ስውል፣ ለካ የሰው ወንድ ልጅ ነው!»

ሴቶቹ ሳቅ አመለጣቸው። ዳቦ ሻጯ አፏን በእጇ ያዘች። ልብስ ሰፊዋም ከንፈሯ ፈገግ ሊል ቃጣው። ብድግ ብላ ወጣች።

ጨርቁ በሁለት መቆንጠጫ ተይዞ ገመዱ ላይ ይወዛወዛል። አፍንጫዋን ቀበረችበት። ሳሙና። ገልብጣ አሸተተችው። ሳሙና።

እናቷ ከኋላዋ መጥታ ቆመች። የጨርቁ መታጠብ ለምን እንዳመማት አሁን ገብቷታል። ይቅርታ በማለት ፈንታ የጨርቁን ጫፍ ዳበስ አደረገች።

«ሽታዋ ምን ምን ይል ነበር?» አለች።

እስካሁን ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ካውያ ካውያ። የተተኮሰ ጥጥ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ደግሞ አኩራፊ ነበረች፣ እማ። እንዳንቺ ግንባሯን ትቋጥራለች።»

«እንደኔ?»

«ቁርጥ አንቺን።»

እናቷ ግንባሯን በመዳፏ ዳበሰች። «ሁለተኛውስ ጨርቅ?»

«አብሯት ሄደ። እኔ ጋ ያደረው ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መቆንጠጫዎቹን አነሳች። ጨርቁን አራት አጥፋ የቀሚሷን አንገት ከፈተችና ጡቷ ስር ሸጎጠችው።

«እርጥብ እኮ ነው፣ ይበርድሻል» አለች እናቷ።

«ይደር። ጠዋት...» አለችና አቋረጠችው።

እናቷ ጠጋ አለቻት። ልጅ ሳለች ታደርግላት እንደነበረው፣ የቀሚሷን ቁልፎች ከታች ጀምራ እስከ አንገቷ ቆለፈችላት።