ከሰዓት ሠሪው ራስ የወደቀው ቅርፊት

ሾፌሩ ወዬሳ ባለፈው ሳምንት ያስጠገናትን ያችኑ ሰዓት መልሶ ይዞ ሲመጣ አብተው ማመን አቃተው። እሱ የጠገነው ሰዓት በሳምንቱ ቆሞ አያውቅም። ሙያውን በወጣትነቱ ከአንድ አርመን ተምሮ፣ ናዝሬት ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሰዓት ሲፈታና ሲገጥም ፀጉሩ ሸብቷል። ነገሩ የሆነው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ አብተው ስድሳውን ካለፈ ቆይቷል፤ እጁ ግን ገና አይንቀጠቀጥም።

«አካም ጂርቱ ጋሼ አብተው! ይቺ ነገር እንደገና አኮረፈች» አለ ወዬሳ፣ ሰዓቷን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠ።

አብተው የሰዓቷን ጀርባ ከፈተ፤ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ጎንበስ አለ። ከጥቃቅኖቹ ጥርሶች መካከል አንድ ነጭ ስስ ነገር ተሰንቅሯል። በወረንጦ ጎትቶ አወጣው። መጀመሪያ ወረቀት መሰለው። ብርሃን ላይ ሲያዞረው ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብረቀርቃል። «ዓሣ ስበላ ሰዓት አልከፍት፣ ይሄ ከየት መጣ?» እያለ ሲገረም፣ ሌላ አንድ ቅርፊት ከላይ ተንሳፍፎ መጣና እጁ ላይ አረፈ። አብተው ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ጣራው ቆርቆሮ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ኮፍያው ላከ።

«ምንድን ነው?» አለ ወዬሳ።

«አቧራ ነው» አለ አብተው።

ወዬሳ ሰዓቷን አስሮ ከሄደ በኋላ አብተው የሱቁን በር ገርበብ አደረገ። ኮፍያውን አውልቆ ከጆሮው በላይ ያለውን ቦታ በጥፍሩ ቧጨረና የወደቀውን በማጉያው ተመለከተ። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርቧል። ከላይ ብር ይመስላል፤ ከሥሩ ቀላ ያለ ነው። ቅርፊቱ የተነሣበትን ቦታ ሲነካው ደግሞ ጣቱ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ደም ቀረች። በሽታ መሆኑን ያውቃል፤ ያን ዕለት ግን ከፍርሃቱ ይልቅ መገረሙ በለጠ። «እንዴት ነው የገዛ ራሴ እንዲህ ያለ ነገር ሲያመርት የከረመው?» አለ ለብቻው።

ራሱ ማሳከክ ከጀመረው ከርሟል። በመጀመሪያ ፎረፎር ነው ብሎ ናቀው። ሚስቱ ተሻለች ለጋ ቅቤ ቀባችው፤ ትንሽ ለዘብ አለና ተመለሰ። ጎረቤት ሎሚ እሹበት አለ፤ አቃጥሎት አደረ። ጠበል ተጠመቀ። ሶደሬ ወርዶ በፍል ውሃው ውስጥ ራሱን ዘፍዝፎ ዋለ፤ ሲደርቅ ግን ማሳከኩ ባሰበት። ጠጉር አስተካካዩ ሽኩር ብቻ እውነቱን ነገረው። ሽኩር የወሎ ሰው ነው፤ ያላወቀውን አውቃለሁ አይልም።

«ጋሼ አብተው፣ ቆረቆር እንኳ አይደለም። ቆረቆር የልጅ ነው፣ ፀጉሩንም ይነቅለዋል። የእርስዎ ፀጉር አልተነካም። ምን እንደሆነ ግን፣ ወላሂ፣ አላውቅም።»

ከዚያ ወዲህ አብተው በሰው ፊት ኮፍያውን ከራሱ አንሥቶ አያውቅም።

ነገሩን ያወጣው የቀበሌው ስብሰባ ነው። መዝሙር ሊዘመር ሁሉም ብድግ ሲል፣ ከመድረኩ «ጓድ አብተው፣ ኮፍያ!» የሚል ድምፅ መጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን ድምፅ ያልሰማ መስሎ መቆም አያዋጣም። አወለቀ። በጥቁር ኮቱ ትከሻ ላይ ነጩ ሲራገፍ፣ ከፊቱም ከኋላውም ያለው ሰው አየ። ተመልሰው ሲቀመጡ አጠገቡ የነበረችው ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ተጠጋች። ሌላውም ተከተላት። በረጅሙ አግዳሚ ላይ አብተው ብቻውን ቀረ። ከኋላው አንዱ ለአንዱ ሲያንሾካሹክ «ሥጋ ደዌ» የሚለው ቃል ጆሮው ገባ።

ከዚያ በኋላ ደንበኛው ሰዓቱን በጣቱ ጫፍ ይዞ የሚያቀብል፣ ሲቀበልም በመሐረብ የሚቀበል ሆነ። የግድግዳ ጎረቤታቸው ሀጂራ መጥታ ተሻለችን በር ላይ ያዘቻት።

«እህቴ፣ ከሌላ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ። እነሱ ቤት ውሃ አትጠጡ እየተባለ ነው።»

ተሻለች ጓዳ ገብታ አለቀሰች። አብተው ግን እንደ ልማዱ ነገሩን ማገላበጥ ጀመረ። ቁምጥና የያዘውን ሰው በልጅነቱ አይቷል፤ ጣት ይቆርጣል እንጂ ቅርፊት ያዘንባል ሲባል አልሰማም። ደግሞም ማን ያውቃል፣ አጀማመሩ እንዲህ ቢሆንስ?

«ከሆነም ልወቀው፣ ካልሆነም ልወቀው» አላት። «ኩየራ የቆዳ በሽታ የሚያውቅ ሐኪም አለ ይላሉ።»

«አብረን እንሄዳለን።»

«ሥጋ ደዌ ቢሆንስ?»

«ቢሆን እዚያው ቤት እንከራያለን» አለች ተሻለች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይን አልፈው ሲሄዱ ሁለቱም ብዙ አላወሩም። አብተው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ በመስኮቱ ግራሮቹን ይመለከታል። ተሻለች ቂጣ ቆርሳ ስትሰጠው ይቀበላል፤ አይበላውም።

ሐኪሟ ዶክተር ፋዲላ ትባላለች፤ ደልደል ያለች፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። አብተው ኮፍያውን እስኪያወልቅ ቆማ ጠበቀችና በባዶ እጇ ራሱን ዳበሰችው። አብተው ደነገጠ። ከተሻለች በቀር ሰው በባዶ እጁ ከነካው ሰንብቷል።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አባባ። ስነካዎት ይንገሩኝ።»

የጥጥ ጫፍ ቅርፊቱ ላይ አረፈ። «እዚህ» አለ። ከግንባሩ ጠርዝ ሲነካው «እዚህ»። ከጆሮው ኋላ «እዚህ»። አንዱንም አልሳተም።

«ሥጋ ደዌ ቢሆን ቦታው ይደነዝዝ ነበር» አለች ዶክተሯ። «እርስዎ የጥጥ ጫፍ እንኳ አላመለጠዎትም። አይደለም።»

ተሻለች እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ ያለችበት ቦታ ትዝ ሲላት በእጇ ከደነችው። አብተው ግን አልረካም።

«ካልሆነ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ክርንዎን ያሳዩኝ።»

ራሴን ከክርኔ ምን አገናኘው ብሎ እየተገረመ እጅጌውን ሰበሰበ። ሁለቱም ክርኖቹ ላይ ሻካራ፣ ነጣ ያለ ቦታ አለ፤ ጠረጴዛ ላይ ስለሚደገፍ የመጣ ይመስለው ነበር። ቀጥላ ጥፍሮቹን ወደ መስኮቱ አዞረቻቸው። በመርፌ እንደተወጋጋ ቆርቆሮ ነጠብጣብ አለባቸው። አብተው ያን ነጠብጣብ በየቀኑ ያየዋል፤ የሥራ ጉዳት ነው ብሎ ትቶታል።

«ሦስቱም አንድ ነገር ናቸው» አለች። «ሶሪያሲስ ይባላል። የሰው ቆዳ ከሥር እየበቀለ፣ አሮጌው ከላይ እየረገፈ ይኖራል። የሌላው ሰው በወር የሚያበቅለውን የእርስዎ በጥቂት ቀን ያበቅለዋል። አሮጌው ሳይረግፍ አዲሱ ይደርሳል፣ ይደራረባል። ከሰው አልያዘዎትም፣ ወደ ሰውም አይሄድም። በማበጠሪያ አይተላለፍም፣ በትራስ አይተላለፍም።»

«ይቸኩላል ማለት ነው።»

«አዎ፣ ይቸኩላል።»

አብተው ራሱን እየነቀነቀ አሰበ። የሚዘገይ ነገር ያውቃል፤ የሚቸኩል ነገርም ያውቃል። የሚቸኩል ነገር ግን የሚያስቸኩለው አንድ ነገር አለው። «ምን ነካው?» ብሎ ጠየቀ።

«እሱን እኔ ልጠይቅዎት። ከመጀመሩ በፊት ምን ነበር?»

«ወባ ታምሜ ነበር። መርቲ ሄጄ ይዞኝ መጣሁ።»

«ለወባው ክሎሮኪን ወሰዱ?»

«ወሰድኩ። ከዚያ በኋላ ነው የባሰው፣ አሁን ሳስበው።»

«በአንዳንድ ሰው ላይ ይህን በሽታ ይቀሰቅሰዋል። ደግሞ ወባ ሲይዝዎት መድኃኒት አልወስድም እንዳይሉ፤ ወባ ይገድላል፣ ይሄ አይገድልም። ለሚያክምዎ ሰው ግን ይንገሩት። ሌላስ?»

ተሻለች ናት የመለሰችው።

«ልጃችንን ከወሰዱብን ወዲህ ነው።»

«ንዋይ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ለማለት ነው» አለ አብተው ፈጠን ብሎ።

ዶክተር ፋዲላ ተነሥታ በሩን ዘጋችና ተመልሳ ተቀመጠች። አብተው ስለ ንዋይ ሲነሣ ሁልጊዜ የሚያደርገውን አደረገ፤ እጁን ወደ ራሱ ላከና ማከክ ጀመረ። ተሻለች ክንዱን ያዘችው። ያን ጊዜ የገዛ እጁን፣ ልክ የሌላ ሰው እጅ ይመስል፣ አተኩሮ አየው።

«ሐዘን ነው እንዴ የሚያመጣው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሐዘን አይፈጥረውም። የተኛውን ይቀሰቅሰዋል እንጂ። በዘር የሚወርድ ነው። ከቤተሰብ እንዲህ ያለው ሰው ነበር?»

«የለም» አለ አብተው።

ከዚያ አያያዙን አስተማረቻቸው። ለተሻለችም ጭምር ነው የምትናገረው፤ «የራሳቸውን ጀርባ ማየት አይችሉም፣ እርስዎ ነዎት ዓይናቸው» አለቻት። ማታ ዘይት ለብ አድርጎ መቀባትና ራስን በጨርቅ መጠቅለል፤ ጠዋት ቅርፊቱ ሲለሰልስ በማበጠሪያ ቀስ አድርጎ ማንሣት። በጥፍር መቧጨር የለም፤ ቆዳው በተቆጣ ቁጥር ይብሳል። ፍል ውሃ ያደርቀዋል፣ ሎሚ ያቃጥለዋል። በሽማግሌ ሰው ቆዳው ስስና ደረቅ ነው፤ የሰጠቻቸውን ብርቱ ቅባት በስሱ፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ። የጠዋት ፀሐይ፣ ሳይበዛ፣ ደግ ነው። ሌላም ቅባት ሰጠቻቸው፤ አብተው ክዳኑን ከፍቶ ሲያሸተው ፊቱ ተቀየረ።

«ካትራሜ!»

«ካትራሜ ነው» አለች ዶክተሯ ስትስቅ።

«የእንጨት ምሰሶ የሚቀባው?»

«የሱ ዘመድ ነው። ለሰው እንዲሆን የተጣራ።»

«ይድናል?» አለች ተሻለች።

«ይተኛል። ደግሞ ይነሣል። እንዴት እንደሚያስተኙት ትለምዳላችሁ።»

ከዚያ በኋላ ያለው የዝግታ ሥራ ነው። አብተው ማታ ማታ ራሱን ለተሻለች ይሰጣል፤ እሷ ፀጉሩን እየከፈለች ትቀባለች፣ እሱ ይጠይቃል። «የቀኙ ነው የለሰለሰው የግራው?» ይላል። ቀኙን በኑግ ዘይት፣ ግራውን በቫዝሊን ካላስቀባ አልተኛም ብሎ አስቸግሯታል። «የሱቅህን ጠባይ ቤት አታምጣብኝ» ትለዋለች፤ እንዳለውም ታደርግለታለች። በካትራሜው ሽታ ምክንያት ግን ትራሷን ወደ ግርጌ አዙራ ትተኛ ነበር።

ቅርፊቱ እየሳሳ ሲመጣ ሽኩር ዘንድ ሄደ። ሽኩር ወንበሩን ከቤቱ አውጥቶ ገበያተኛው በሚያልፍበት በረንዳ ላይ አስቀመጠውና፣ በባዶ እጁ ራሱን እያሻሸ፣ አስፈላጊ ከሆነው በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ጠየቀው።

«ምን አሉ ጋሼ ሐኪሟ? አይተላለፍም ነው ያሉት?»

«አይተላለፍም።»

«በማበጠሪያም?»

«በማበጠሪያም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለና ያንኑ ማበጠሪያ በገዛ ፀጉሩ ውስጥ አሳለፈው። አንዳንዱ አመነ፣ አንዳንዱ እስከ ዛሬም አላመነም። ሀጂራ ግን ያን ለት ከሰዓት መጥታ በራቸው ላይ ቁጭ አለችና፣ መንገደኛው እያያት፣ ከተሻለች እጅ ውሃ ተቀብላ ጠጣች።

አብተውን ሰላም የነሳው ሌላ ነገር ነበር። «የለም» ብሎ ለዶክተሯ የመለሰላት መልስ። ከኩየራ ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ነው የጀመረው፤ ታላቅ እህቱ ሸዋወርቅ ትዝ አለችው። ሸዋወርቅ አቦምሳ ለብቻዋ ትኖራለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሹሩባ ተሠርታ አታውቅም። ሻሿን በእንቅልፏም አትፈታም። ሊያገባት መጥቶ የተመለሰ ሰው ነበር፤ ለምን እንደተመለሰ በቤቱ አይወራም። መተት ነው የሚሉ ነበሩ። እሱም እንደ ሌላው ጠይቆ አያውቅም። ሲጠይቅ የኖረው ሰዓትን ነው።

ከዝናቡ በኋላ መንገዱ ሲደርቅ ብቻውን አቦምሳ ወረደ። ሸዋወርቅ በደጇ በርበሬ አስጥታ ስትገለብጥ አገኛት።

«ማን ሞተ?» አለችው ገና ሳትስመው።

«ማንም አልሞተም።»

«ንዋይስ?»

«ደኅና ነው አሉ፤ ያየው ሰው ነግሮናል።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ራስሽን ለማየት ነው የመጣሁት፣ እታለም።»

ሸዋወርቅ ቀጥ አለች። «አርጅተህ አበድክ?» ብላ ፊቷን አዞረች። አብተው ኮፍያውን አወለቀና አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ራሱን አጎነበሰላት። በርበሬውን ስትገለብጥ በነበረው እጇ እንዳትነካው ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ ከጆሮው በላይ ያለውን፣ አሁንም ጨርሶ ያልጠፋውን ቅርፊት በጣቷ ዳበሰችው። ቅርፊቱ አዲስ አልሆነባትም። ጣቷም ቦታውን ያውቀዋል።

«ያሳክክሃል?» አለችው።

«ማታ ማታ።»

«በጥቅምት ይብሳል።»

«ይብሳል። አየሩ ሲደርቅ ነው።»

«ያንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?»

ነገራት። ሥጋ ደዌ አለመሆኑን፣ መተት አለመሆኑን፣ ቆዳ ሲቸኩል እንዲህ እንደሚሆን፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይሄድ ነገራት። የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ቤት ገባችና ከደጁ ዞር ብላ ተቀመጠች። «በሩን ገርበብ አድርገው» አለች። ሻሿን ፈታች፤ ከሥሩ ሌላ ሻሽ ነበር፤ እሱንም ፈታች።

አብተው ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ የተደራረበውን ቅርፊት አየ። የያዘውን ዘይት በሲኒ አድርጎ ከፍሙ ጥግ አስጠጋውና ለብ ሲል ከግንባሯ ጀምሮ መቀባት ያዘ። ትከሻዋ እንደ ብረት ጠንክሮ ነበር፤ ቀስ በቀስ ወረደ። እያለቀሰች እንደሆነ ከኋላ ሆኖ አወቀ፤ እጁን ግን አላቆመም።

«ከማን ወጣን ግን?» አለች ድንገት አፍንጫዋን ጠርጋ። «ከእናታችን ነው ከአባታችን?»

«እኔም እሱን ልጠይቅ ነው የመጣሁት። አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ታስታውሻለሽ።»

«አባታችን ራሱ እንደ መስተዋት ንጹሕ ነበር።» አሰበች። «አጎታችን፣ ቄሱ፣ ጥምጣሙን አውልቆ ታውቃለህ?»

«አይቼው አላውቅም።»

«እኔም አላየሁም! ሲታጠብ እንኳ ለብቻው ነበር።»

«ክርኑስ?»

«ቆይ እስቲ…» አለች ሸዋወርቅ፤ ዘይት የጠጣ ፀጉሯን እንደያዘች ወደ ወንድሟ ዞረች። ዓይኗ እንደ ልጅነቷ በርቷል። «አያታችንስ? ያቺ ሁልጊዜ ክርኗን የምትቀባው?»

አብተው በርጩማውን ጎተተና ተጠጋ፤ የሞቱትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ማስታወስ ጀመሩ።