በፎቶው ላይ ያለው ወርቅ

አባቴ ጎሳዬ ሰው በዓይን እንደሚታየው ነው ብሎ ያምን ነበር፤ አየለች ደግሞ በቤቷ መስታወት አልነበራትም። አባቴ ከረባት ሳያስር ከደጅ አይወጣም። እሷ ሰኞ ካኮ፣ ማክሰኞ አልዱባ፣ ሐሙስ ቀይ አፈር ማር ስትሸጥ ሰንብታ ቅዳሜ ጂንካ ስትደርስ የቀሚሷ ጠርዝ የሦስቱንም ገበያ አፈር ይዞ ይመጣል። እሱ ስለ ብርሃንና ጥላ ሲያወራ ቢውል አይደክመውም። እሷ ማሯ ንጹሕ ነው ወይ ተብላ ስትጠየቅ በማንኪያ ታቀምስና ዝም ትላለች። እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኛቸው ሙዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1971 ዓ.ም. ቀይ አፈር ላይ አንድ ሰው የበሰለ ሙዝ ቀቅሎ፣ ከጥቂት ማር ጋር አሽቶ፣ «የአየለች ማር» እያለ መሸጥ ጀመረ። ደንበኞቿ ሲሸሹ አየለች መላ ዘየደች፤ ፎቶዋን በየቆርቆሮው ላይ ለጥፋ ልትሸጥ። እኔ ያን ጊዜ ከአርባ ምንጭ ትምህርት ቤት ለእረፍት መጥቼ ስለነበር ወደ ፎቶ ቤታችን ስትገባ አስታውሳለሁ። ሁለት ቆርቆሮ ተሸክማለች።

«ጋሽ ጎሳዬ፣ ከነቆርቆሮዬ ያንሡኝ። ሰው እኔ መሆኔን ይወቅ።»

«ከነቆርቆሮሽማ ገበያ ላይ በነፃ ያዩሻል፣ አየለች። ፎቶ የሚያስፈልገው ያልታየውን ለማሳየት ነው።»

«ያልታየ ምን አለኝና?»

የጂንካ ነጋዴ ሁሉ የተነሣው በአባቴ ደንብ ነበር። በግድግዳችን ላይ አንድ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል፤ ከጎኑ የማይሠራ የእጅ ሰዓት፣ ከጠረጴዛው ላይ ድንጋይ የሌለውና አንዱ መዘውሩ የወለቀ ሬድዮ አለ። ከኋላ ደግሞ ባለ ፎቅ ቤት የተሣለበት ትልቅ መጋረጃ ተዘርግቷል። ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ባለ ሻይ ቤቱ፣ ሁሉም ኮቱን ለብሰው፣ ክንዳቸውን ሬድዮው ላይ አስደግፈው፣ በዚያ ቤት ፊት ተነሥተዋል። ፎቶውን በየሱቃቸው ሲሰቅሉ ደንበኛ ያከብራቸዋል። ሴት ስትመጣ ኮቱ ይቀርና የእናቴ የሮማነወርቅ የሠርጓ የወርቅ ሐብል ይወጣል።

«ሮማነወርቅ! ሐብልሽን አምጪ!»

እናቴ ሐብሉን ከአንገቷ ፈትታ ለአየለች አሰረችላት። «አምሮብሻል፤ ብቻ እንዳትለምጂው» አለቻት። አየለች ክንዷን ሬድዮው ላይ አስደግፋ፣ በዚያ ቤት ፊት ሳቀች። ያ ሳቅ ፎቶው ላይ ቀርቷል። ቆርቆሮዎቹን ግን አባቴ በእግሩ ገፍቶ ከፎቶው ውጭ አድርጓቸው ነበር።

አንድ ወር ሁሉም መልካም ሆነ። ሰዎች ፎቶውን እያዩ ማሩን ገዙ፤ ባለ ሙዙም ከቀይ አፈር ጠፋ። ከዚያ አንዱ ቆርቆሮ ከነፎቶው የቀበሌው ቁጥጥር ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

አየለች ረቡዕ ጠዋት መጣችና የደንበኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። በቀበሌ ቤት የምትኖረውም፣ ማር እንድትሸጥ የተፈቀደላትም፣ ሀብት የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት ተብላ ስለተመዘገበች ነው። ሊቀመንበሩ ፈለቀ ግን ፎቶውን አይቶ፣ ሀብት የደበቀች አሻጥረኛ ናት ብሎ ወስኗል።

«ሐብሉን፣ ሬድዮውንና የቤቱን ቁልፍ እስከ ዓርብ አምጪ አሉኝ። ያለዚያ እስር ቤት ነው። የቱ ቤት ነው፣ ጋሽ ጎሳዬ? እስኪ ያሳዩኝና ልክፈትላቸው።»

ማንም አልሳቀም። ቤቱ ከጀርባዋ ተዘርግቶ ነበር።

«የፎቶ ቤት ዕቃ ነው ብለሽ አልነገርሻቸውም?» አለች እናቴ።

«ነገርኳቸው፣ እትዬ ሮማን። ሊቀመንበሩ ‹ፎቶ አይዋሽም› አሉኝ።»

አባቴ አቀረቀረ። ይህን ቃል በቀይ ቀለም ከደጃችን በላይ የጻፈው እሱ ራሱ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ሄዶ «ዕቃው የኔ ነው» ቢል ምን ነበረበት ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄው ነበር። ሲመልስልኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

«የፈለቀ ፎቶ ቢሮው ውስጥ ከራሱ በላይ ተሰቅሏል። በኔ ኮት ነው የተነሣው። የእጅጌው ቁልፍ ወልቆ እናትሽ ቡናማ የተከለችበት ኮት! ሬድዮው የኔ ነው ስል፣ ኮሚቴው ሁሉ ቀና ብሎ ያን ቁልፍ ያያል፤ ኮቱም የኔ መሆኑን ያውቃል። ሊቀመንበሩን በጓዶቹ ፊት ራቁቱን ማስቀረት ነው። ከዚያ በኋላ እኔስ የት እገኛለሁ?»

ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። በዚያ ዓመት ከሰፈራችን ከዚህ ባነሰ ነገር ተጠርተው ሄደው ያልተመለሱ ነበሩ።

ስለዚህ ሌላ መንገድ ሞከረ። የነጋዴዎቹን ፎቶዎች ሰብስቦ ለኮሚቴው በስውር ሊልክ አሰበ፤ አንድ ሬድዮ በሃያ ሰው ክንድ ሥር ሲታይ ነገሩ ራሱ ይናገራል ብሎ። ሐሙስ ጠዋት አብሬው ዞርኩ። መጀመሪያ የገባነው ልብስ ሰፊው ተገኝ ዘንድ ነው።

«ፎቶዬን ላወርድ? ጎሳዬ፣ አብደሃል እንዴ?» አለ ተገኝ እግሩን ከስፌት መኪናው ሳያነሣ። «አማቼ ልጁን የሰጠኝ እኮ ሬድዮውን አይቶ ነው።»

«ሴትዮዋ ልትታሰር ነው፣ ተገኝ።»

«ታሳዝናለች። ግን እሷን ለማዳን እኔ ልግባ?»

ሥጋ ሻጩ ጥላሁን እኛን ከሩቅ ሲያይ ፎቶውን አውርዶ ደበቀ። ባለ ሻይ ቤቱ ፎቶው ተቃጥሏል አለን፤ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ከጀርባው እያየነው። በስድስት ሰዓት የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ፤ ሰዎች ከብቱን ከማረፊያው ሣር ላይ እየጮኹ አባረሩ። ከአዲስ አበባ የፎቶ ወረቀት ያዘዘው አባቴ እንደ ወትሮው ሊቀበል አልሮጠም። ባዶ እጃችንን ቤት ገባን። ከረባቱን ፈታ፤ ምሳውም ሳይነካ እንደቀረበ ተነሣ።

ፀሐይ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል አየለች መጣች። በአንድ እጇ ሁለት ልጆቿን፣ በሌላው የልብሳቸውን ጥቅል ይዛለች። ልጆቹን በአሪኛ አንድ ነገር አለቻቸውና ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ።

«እትዬ ሮማን፣ ነገ ካልተመለስኩ እርስዎ ዘንድ ይሁኑ» አለች። «አያስቸግሩም። ማር ሰልችቷቸዋል፤ ቆጮ ካገኙ ይበቃቸዋል። ትልቁ ሲተኛ ይንቀዠቀዣል እንጂ…» በእግዚአብሔር ላይ እንኳ አላማረረችም። በእኛም ላይ። እሱ ነው የከፋው።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እናቴ ጥቅሉን ተቀበለች። ክብደቱን እንደምትመዝን ለአፍታ ያዘችና መልሳ በአየለች ክንድ ላይ አኖረችው። ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ሐብሉ አንገቷ ላይ ነበር፤ ከቀሚሷ ውስጥ ሳይሆን በላይ።

«ሁላችሁም ስሙኝ» አለች። እኔና ታናሽ እህቴ ብዙወርቅ ተነሣን። «ነገ ፎቶ ቤቱ አይከፈትም። እኔ ከአየለች ጋር ቀበሌ እሄዳለሁ። ሐብሉ የማን እንደሆነ አንገቴ ላይ ይዩት፤ የሚወስዱትም ከሆነ ከኔ አንገት ይውሰዱት። ጎሳዬ፣ አንተ ሬድዮውን ትይዛለህ።»

«ሮማን፣ የሠርግሽ…»

«አንተ ነህ ያዋስከው፤ የኔም እጅ አለበት፤ እሷ ናት የምትታሰረው? ልጆች፣ እናንተ ቤቱን ጠቅልላችሁ ትሸከማላችሁ። ቁልፉን ከጠየቁ እዚያው ዘርግተን በሩን እናሳያቸዋለን።»

አየለች ጥቅሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆማለች። አባቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ግራጫ ኮት ተመለከተ።

«ኮቱስ?» አለ።

«ኮቱ እዚሁ ይቀራል» አለች እናቴ። «ሰውየው ልብሱን እንደለበሰ ይፍረድ። ይህ ሁሉ አልበቃኝም ካለ ብቻ ብዙወርቅ ሮጣ ታመጣለታለች።»