ለልጁ ሲል ዝም ያለ

ልብስ ተኳሹ ልጁን ሊሸኝ ከሚስቱ ጋር መናኸሪያ የቆመው ምርቃቱን በሆዱ ይዞ ነው። ሰሞኑን በእንፋሎት መሃል የሰው ሸሚዝ ሲተኩስ ቃል እየመረጠ ሲያሰናዳው ከርሟል። ልጅቱ ሩቅ ከተማ ሄዳ ሐኪምነት ልትማር ነው፤ መርቆ ካልሸኛትማ ምኑን አባት ሆነው?

ችግሩ፣ ምርቃቱ ያለው በእሱ ቋንቋ ነው። እሷ ደግሞ ያንን ቋንቋ አታውቀውም።

ይህን ያመጣው ማን እንደሆነ አይረሳም፤ የሚስቱ ወንድም ነው። ቀድሟቸው ወደዚህ አገር ስለተሰደደ ራሱን የአገሩ ባለቤት ያደረገ ሰው። ልጅቱ አፍ ልትፈታ ስትል ሶፋቸው ላይ ተንሰራፍቶ፣ በቤታችሁ ቋንቋ ካናገራችኋት እንደናንተ ተኮላትፋ የሰው መሳቂያ ሆና ትቀራለች አላቸው። ተኳሹ ያኔ አሠሪው አነጋገሩን እያስመሰለ ሠራተኛውን ሲያስቅበት ይውል ስለነበር አመነ። ባልና ሚስት ልጅቱ ፊት የራሳቸውን ቋንቋ ላይናገሩ ተማማሉ።

እናትየው ገበያ ውስጥ አትክልት ስለምትሸጥ የአገሬውን ቋንቋ እንደምንም ለቃቀመችው። እሱን ካውያ ምን ያስተምረዋል? ብዪ፣ ተኚ፣ አይዞሽ፤ በገዛ ቤቱ የቀረችለት ቃል ይህችው ናት። በአገሩ እሱ ካልመጣ ጨዋታ አይደምቅም የተባለለት ሰው፣ ልጁ ለጓደኛዋ አባቴ ሲፈጥረው ዝምተኛ ነው ስትል ሰማ። ዋጣት።

አልዋጥ ያለው ሌላው ነው። የዚያ የመካሪው ልጆች ሠርግ ቤት በአባታቸው ቋንቋ ሲቀልዱ፣ አባታቸውም ከት ብሎ ሲስቅ አየ። ጠጋ ብሎ ቢጠይቀው፣

«እንዴ አማቼ፣ አንተ እኮ ፈሪ ነህ። ላንተ የሚሆንህን ነው የመከርኩህ» አለው።

የአውቶቡሱ ሹፌር ሞተር አስነሣ። ልጅቱ አባቷን አቀፈችው። እሱም የአገሬውን ቃል ፈልጎ ሲያጣ፣ ያሰናዳው ሁሉ በራሱ ቋንቋ ገንፍሎ ወጣ።

«የኔ እናት፣ መንገድሽ ይቅና። እኔን የገፋኝ ደጅ ላንቺ ወለል ይበልልሽ። እጅሽ የነካው ይዳን። የሚንቅሽ አይግጠምሽ፤ ቢገጥምሽም አንገትሽን አትድፊ።»

ልጅቱ ከእቅፉ ወጥታ ፊቱን አየችው። ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ዞር ብላ እናቷን ምን እያለ ነው አለቻት። እናትየው እንባዋን እየጠረገች ከምታውቀው ውስጥ ቃል ፈለገች። የገበያ ቋንቋ ምርቃት አይመነዝርም። ደህና ግቢ ነው የሚልሽ አለቻት።

ልጅቱም ይህን ሁሉ ለዚህች ብላ ሳቀች፤ ጉንጩን ሳመችውና ገባች።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ተኳሹ ከጎኑ መራመድ ጀመረ። ምርቃቱ አላለቀም ነበር። እሷ በመስኮቱ ከንፈሩን እያየች፣ ቻው የሚላት መስሏት እጇን አወዛወዘችለት። እሱ ቀጠለ፤ ለልጆቿ ደረሰ፣ ለእርጅናዋ ደረሰ። እናትየው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በልጅቱ ፈንታ አሜን እያለች ከኋላው ትከተላለች።