አንዲት እፍ ለሄርሜላ

3

1 እና 2 የሉም። ሁለቱም ስለ ኤፍራታ ነበሩ፤ ስለ ቁመቷ፣ ስለ ፀጉሯ፣ ፕሮዲውሰሮች በመኪና መጥተው ስለሚወስዷት። ረድኤት ቀድዳ ጣለቻቸው። ታናሽ እህቷ ናት፣ ምን ታድርግ? አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ኤፍራታን የጠበባትን ስትለብስ ነው የኖረችው።

4

ቤቱን እወቁት። ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር። በዚህ ቤት በየትውልዱ ለአንዲት ሴት፣ ለአንዲት ብቻ፣ ትንፋሽ ይሰጣታል። ዘፋኙ ከመቅዳቱ በፊት ማይኩን ጠጋ ትልና

እፍ

ትላለች። በቃ። የስቱዲዮው ሰውዬ ማይክ የምትሞክር ይመስለዋል። ዘፈኑ ሲወጣ ግን ታክሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሠርጉ ሁሉ እሱን ብቻ ይላል። አያትየው እማማ ጥሩዓየሁ ስንቱን አንጋፋ በትንፋሻቸው አንግሠዋል! አንጋፋው በቴሌቪዥን "ለዚህ ያበቃኝ ሕዝቡ ነው" ሲል፣ እሳቸው ጎመን እየቀነጠሱ ይስቃሉ። የዚህ ትውልድ ባለ ትንፋሽ ኤፍራታ ናት ተብላለች።

5

የቤቱ ሕግ (የትም አልተለጠፈም፣ ሁሉም ያውቀዋል)

ሀ. እፍ የምትሠራው ቀጥሎ ማይኩን ለሚይዝ ሰው ነው። ሁለት የቤቱ ሰዎች እፍ ካሉበት የመጀመሪያዋ ብቻ ትገባለች፤ ትንፋሽ የሌላት ሴት እፍ እንኳ ብትሆን ቦታ ትይዛለች።

ለ. ለሥጋ ዘመድ እፍ አይባልም።

ሐ. ባለ ትንፋሿ አንዴ ለሰው እፍ ካለች፣ የራሷ ዘፈን ሰው ጆሮ ውስጥ አያድርም።

ሐ ያልገባው 6ን ያንብብ።

6

የአጎት ልጅ ሠርግ። እማማ ጥሩዓየሁ ተነስተው አንድ ዘፈን ከነአዝማቹ ዘፈኑ። ሰው አጨበጨበ፣ እልል አለ፣ ተቀመጠ። ወዲያው ሚዜው ጎንበስ ብሎ፣

"እማማ፣ ዛሬ አይዘፍኑልንም እንዴ?"

ረድኤት ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

7

የዘፈን ውድድር መመዝገቢያ

ስም፦ ረድኤት
ዕድሜ፦ 16
ተራ ቁጥር፦ 48
ለምን መዝፈን ፈለግሽ? ~~ሄርሜላ ስለተመዘገበች~~ ስለምችል

ደግሞ ትችላለች። ስትዘፍን ጎረቤት ልብስ ማጠቡን ያቆማል። ኤፍራታ ያልለበሰችው፣ የራሷ የሆነ ነገር ድምጿ ብቻ ነው።

8

ዓርብ፣ ምሳ ላይ የተባለው፣ ቃል በቃል፦

ረድኤት፦ ለዚች ለጎረቤታችን ለሄርሜላ እፍ ልትይላት ነው አሉ?

ኤፍራታ፦ እናቷ እማማን እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው።

ረድኤት፦ ድምጿ እኮ ዘይት ያጣ በር ነው!

ኤፍራታ፦ ታዲያ ለዛ አይደል እፍ የሚባለው?

ረድኤት፦ ለኔስ?

ኤፍራታ፦ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።

እማማ፦ አንቺ ደሞ ምን ጎደለሽ? አምላክ ድምፁን ሰጥቶሻል፣ ዝፈኚ።

ረድኤት፦ ትንፋሹ የኤፍራታ መሆኑ በምን ታወቀ?

እማማ፦ ታላቅ ናት።

ረድኤት፦ በቃ?

እማማ፦ በቃ። ብዪ ወጡን አቀብዪኝ።

(ኤፍራታ ዓምና እፍ ያለችባቸው ሁለት ዘፈኖች ናቸው። አንዱ ለሳምንት ተሰማ። ሌላውን የዘፋኙ እናት እንኳ አልሰማችውም።)

9

ቀናሽ? እንዲህ አድርጊ።

ቅዳሜ ከመጋረጃው ጀርባ ተሰለፊ። ሄርሜላ 47 ናት፣ አንቺ ከኋላዋ። በእህትሽ ሽቶ ተነክራ መጥታለች፤ እንዳላየ እለፊው። ተወዳዳሪው ማይኩን ለቀጣዩ በእጅ ነው የሚያቀብለው። 46 ከመድረክ ሲወርድ፣ "አምጣ፣ እኔ ላቀብላት" ብለሽ ተቀበዪው። ኤፍራታ አጠገብሽ ናት፣ ጀርባሽን ስጫት። ያንቺ እፍ ባዶ ናት፤ ቦታ ትይዛለች እንጂ ሌላ ምን ታመጣለች? ሄርሜላ በገዛ ድምጿ ሲጢጥ ትበል፣ ሰው ይሳቅ። ከዚያ ያንቺ ተራ ነው።

እፍ።

10

ሄርሜላ ዘፈነች።

ይሄን መጻፍ ያማል፣ ስለዚህ ባጭሩ፦ አንዷ ዳኛ መነጽሯን አውልቃ እንባዋን ጠረገች። ካሜራ ያዡ ካሜራውን ትቶ አጨበጨበ። ጥበቃው በሩን ጥሎ ገባ።

"የኔ አልገባችም" አለች ኤፍራታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ። "እፍ ስል ተመልሳ ፊቴ ላይ መጣች። ማነው የቀደመኝ?"

ረድኤት ዓይኗን ከመድረኩ አልነቀለችም።

"ረዲ? ረዲዬ፣ አንቺ ነሽ? ያንቺ ነው ትንፋሹ?"

ከዚያ ኤፍራታ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ረድኤት ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። በየቀኑ መስታወት ውስጥ ታየዋለች።

11

"ቁጥር አርባ ስምንት!"

12

ወደ 5 ተመለሱና ሐን ድጋሚ አንብቡ። እጠብቃለሁ።

13

ዘፈነች። እንደዚያ ቀን ዘፍና አታውቅም። አንድም ቃል ሳትስት ጨረሰች። ግጥሙን እኔው ራሴ ቆሜ ሰምቻለሁ፣ ልጻፍላችሁ። እንዲህ ይላል፦





ቆይ። አሁን አፌ ላይ ነበር።

14

አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው አለቀ። ዋናው ዳኛ ወረቀቱን አየ፣ ቀና አለ፣ ለረድኤት ፈገግ አለላት።

"እሺ፣ አርባ ስምንት" አለ፣ "መዝፈን መጀመር ትችያለሽ።"