ግድግዳው ላይ የበራው ቃል

እኔ የማላውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ካለ ገና ያልተወለደ ነው። ጉራ አይደለም፤ መላው የስፌት ክፍል ይመሰክራል። ካልመሰከረ ቅናት ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግድግዳው ላይ የበር ሳንቃ የሚያህል ስክሪን ተሰቀለ። የሁላችንም ማሽን ተደርድሮበታል፤ የሚሰፋው አረንጓዴ ይበራል፣ የቆመው ቀይ ሆኖ "አይድል" ይላል። ኃላፊው፣ "እስከ ምሳ ድረስ ቀይ ሆኖ ያረፈደ፣ ከሰዓት እንዳይመለስ" ብሎን ወጣ።

የሚስቴ ታናሽ እህት፣ እኔም እህቴ የምላት፣ ማሽኗ ቀይ ነበር። ከመጋዘን ክር አልመጣላትም። ዓይኗ ከስክሪኑ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ስክሪኑ ይቅበዘበዛል።

"ጋሼ፣ ምን ማለት ነው ቃሉ?"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ማሽኖቹ ሳይቀሩ ጸጥ ያሉልኝ መሰለኝ። "አይድል ማለት ሥራ ፈት ነው። ለሰው ይባላል፣ ለማሽን ይባላል። ፍሬ ለሌለው ወሬም ይባላል።"

"በል እንግዲህ፣ ያንተን ስም ነው የጻፉት!" አለች ከኋላ፣ አዝራር ስለምትተክል "አዝራር" የምንላት ሴትዮ።

"ሥራ ፈት?" የእህቴ ድምፅ ተሰበረ። "ክር ሳይሰጡኝ?" ብድግ አለች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ብድግ አለች። አላስችል አለኝ። የዓለም መሐንዲሶች ተሰብስበው የማያመጡትን መላ ባንድ ትንፋሽ አመጣሁ፦ "ያለ ክር እርገጪው!"

ረገጠችው። አረንጓዴ! ክር ያጡት ሁሉ ተከተሏት፤ ክፍሉ እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ገባ። "ጎበዞች!" የእህቴን ጨርቅ ብድግ አድርጎ ወደ መብራቱ ዘረጋው። የመርፌ ቀዳዳ ብቻ እንጂ አንድ ስፌት የለም። ፈገግታው ከሰመ። "አሁን ደግሞ ማታለል? ዕቃሽን ሰብስቢ!"

መካከላቸው ዘልዬ ገባሁ። "አለቃ፣ መላው የኔ ነው! ቃሉን ግን ልብ ይበሉልኝ። ቆሟል አለ እንጂ ለምን ቆመ አላለም። ሰነፍ የሚባለው ክር እያለው የተቀመጠ ነው። አይድል ግን ክር ያጣውንም ይይዛል። እሷን ከማባረርዎ በፊት መጋዘኑን አይጠይቁም?"

ኃላፊው ጨርቁን አጠፈ፣ ዘረጋ። ከዚያ ስክሪኑን ቀና ብሎ አየ። አንዲት ቀይ ብቻ ቀርታለች፤ የኔ።

"ያንተ ማሽን ክር አለው?"

"ሞልቶታል!" አለች አዝራር፣ እኔ አፌን ሳልከፍት።

"ታዲያ ያንተ የቱ ነው? አይድል ወይስ ሰነፍ?"

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አጠረኝ፤ ለዚያውም ለጥቂት ነው። ኃላፊው ክሩን ከኔ ማሽን ነቅሎ ለእህቴ ሰጣት። "አንቺ ሥሪ። አንተ ደግሞ ጋሪውን ይዘህ ወደ መጋዘን!"

"ጋሼ፣ ሮጥ በል እንጂ!" አለችኝ ክሩን መርፌዋ ላይ ሰክታ እየረገጠች፣ እንባዋ ሳይደርቅ እየሳቀች። ማሽኗ አረንጓዴ ነበር፤ ይሄኛው የእውነት።

ሮጥኩ። ያን ዕለት ብነግራችሁ ነፋስ ከኋላዬ ቀርቷል። ይኸው እስከ ዛሬ የክፍሉ ክር በኔ እግር ነው የሚመጣው፤ እኔ ባልኖር አገር ራቁቱን ይቀር ነበር። ደግነቱ፣ ጋሪ ላይ ስክሪን አይሰቀልም።