የጎሹ አወዳደቅ

ጎረቤቴ ጋሽ ምላጭ እሑድ ከሰዓት ቡጢ ያያሉ። ቡጢው ሁልጊዜ ያው አንዱ ነው። ጎሹ የሚሉት ተሸንፎ የማያውቅ ግዙፍ ሻምፒዮን፣ ስሙን ማንም ከማያውቀው፣ ታሞ በቀረ ቦክሰኛ ምትክ ከመጣ ሰው ጋር ይገጥምና ዓለም ጉድ እያለ ይዘረራል። የተቀዳበት የቪዲዮ ካሴት ከማርጀቱ የተነሣ ጉንፋን የያዘው ይመስል ድምፁ ይነፋነፋል። ይህን ሁሉ የማውቀው አይቼው አይደለም። የእኔንና የእሳቸውን ክፍል የሚለየው ነገር ስሙ ነው ግድግዳ፣ ግብሩ መጋረጃ ነው። ከስፌት መኪናዬ ሳልነሣ እያንዳንዱን ዙር በጆሮዬ ጨርሼዋለሁ።

ድሮ የሚያዩት ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ነበር። እሳቸው ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ፣ ወንድምየው ቧንቧ ሠሪ። ሁለቱም ትዳር አልያዙም፤ እንዲያውም በሚስት ፈንታ ክርክሩን ያገቡት ይመስለኝ ነበር። የጎሹ እግር ከወለሉ ሊለቅ ሲል ቧንቧ ሠሪው ይነሣና የማጫወቻውን ማቆሚያ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ቡጢ። ጎሹን የጣለው ውሃ ነው ይላል ወንድምየው፤ በእረፍቱ ራሱ ላይ ያፈሰሱለት ውሃ ወለሉን አርሶት አዳለጠው። እንግዲህ ቧንቧ ሠሪ ነው፣ የትም ቢገባ መጀመሪያ የሚታየው የሚያፈስ ነገር ነው። ጋሽ ምላጭ ደግሞ ዕድሜ ልኬን መንጋጋ ስላጭ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የተመታ መንጋጋ አይጠፋኝም ይላሉ። አንተ የቱቦ አይጥ፣ አንተ የጢም ነጋዴ ይባባላሉ። አንዳቸው ሲደክማቸው ካሴቱ ይቀጥላል፣ ጎሹም ይወድቃል፣ እኔም መቀሴን አነሣለሁ።

ቧንቧ ሠሪው ከሞተ በኋላ እሑዶቹ ጭር አሉ። ከዚያ አንድ ቀን ካሴቱ ሲጀምር ሰማሁና ደስ አለኝ። እዚያች ቦታ ሲደርስ ቆመ። እኔም እንደ ልማዴ ክርክሩን ጠበቅኩ፣ የሚከራከራቸው ሰው እንደሌለ ረስቼ። ትንሽ ቆይተው ቴሌቪዥኑን ዘጉት። በሚቀጥለው እሑድም እንደዚያው፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው። ጎሹ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። መውደቅ እንኳ ተከለከለ።

ዚፑን የቀየርኩላቸው ሱሪ ነበር፤ እሱን ሰበብ አድርጌ አንኳኳሁ። ካሴቱ ገና እየተጫወተ ነው። በማጫወቻው አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶ ናት፣ ግን እዚያ ላይ ቁጭ በይ አላሉኝም፣ እኔም ዓይኔን አልጣልኩባትም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዘመን በጆሮዬ ያገዘፍኳቸው ቦክሰኞች በዚያች ቴሌቪዥን ውስጥ አውራ ጣቴን አያክሉም።

ቦታዋ ስትደርስ ጋሽ ምላጭ ተነሥተው ማቆሚያውን ተጫኑ። ጣታቸውንም ከቁልፉ ላይ አላነሡም።

«ከዚህ ማለፍ አቅቶኛል» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ብለቀው ያልቃል። እሱ ሳይመልስልኝ ያልቃል።»

የመጣልኝን ተናገርኩ። ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ «ውሃ ነው ጋሼ፣ አዳልጦት ነው እንጂ ማን ነክቶት!» አልኩ። ወንድምየው እንደሚለው አድርጌ፣ ቃል በቃል። በግድግዳ የተማርኩትን አሳምሬ ነበር የተወጣሁት።

ዞረው አዩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«የሱንማ እኔም አውቀዋለሁ» አሉ። «አንቺ ምን አየሽ?»

እውነቱን ለመናገር የጎሹን ቁምጣ ስፌት እያየሁ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም። ትንሽ ወደ ኋላ ይመልሱልኝ አልኳቸው፣ መለሱልኝ። ሁለቱ ሰዎች ይሽከረከራሉ። ከኋላቸው የጎሹ ጥግ ይታያል፤ እዚያ ውሃና ፎጣ የሚይዝለት አንድ ሸምገል ያለ ሰው ቆሟል። ጎሹ ለአፍታ ወደዚያ ዞር ይላል። እግሩ የሚላላው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ፎጣውን አጣጥፎታል» አልኩ። «ላብ ሊጠርግ የሚጠብቅ ሰው እንደዚያ አያጣጥፍም። ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ነው እንደዚያ የሚያጣጥፈው። ጎሹም አይቶታል።»

ጋሽ ምላጭ ሳቁ። ወንድሜ ውሃ፣ እኔ መንጋጋ፣ አንቺ ደግሞ ጨርቅ፣ አሉ። ግን መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉና ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። መለሱት። እንደገና መለሱት። እስትንፋሳቸው መስተዋቱን አደበዘዘው፣ በእጅጌያቸው ጠረጉት።

«ይቺን ሁለታችንም አላየናትም» አሉ ቀስ ብለው። «ስንት ዘመን ቡጢ ቡጢውን ስናይ!»

ፊታቸው በራ። ያን ብርሃን ይዘው ወደዚያች ወንበር ዞሩ፣ አፋቸውን ለንግግር ከፍተው። ወንበሯ እንዳለች ናት። አፋቸውን መልሰው ገጠሙ። ለጊዜው እኔም ቤቱ ውስጥ የሌለሁ ያህል ሆንኩ። ሱሪውን አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ ደህና ይዋሉ ብዬ ወጣሁ፤ የሰሙኝም አይመስለኝም።

በሚቀጥለው እሑድ ካሴቱ ጀመረ። እዚያች ቦታ ሲቃረብ መኪናዬን አቁሜ፣ የመርፌ ቁልፎቼን በከንፈሬ እንደያዝኩ ጠበቅኩ። አልቆመም። ጎሹ ዘጭ አለ፣ ዳኛው ቆጠረ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ጮኸ። ጩኸቱም በረደ። ከዚያ ጋሽ ምላጭ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ምሳ ቀርቧል እንደሚል ሰው፣ «ፎጣውን አየኸው?» አሉ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን የተጠየቅኩት እኔ አልነበርኩም። ካሴቱ ወደ ኋላ ተጠቅልሎ እስኪያልቅ ድረስ እግሬን ከመኪናው ፔዳል ላይ አንሥቼ ተቀመጥኩ።